የጣናን ዓሣ ለፈጣሪ መኖር ማስረጃ አታድርጉት

ጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ሁለት ሦስት ወጣት በተቀመጠበት ሁሉ ይሄ ክርክር ይነሳል። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም? አለ ካልን በምን እናውቃለን? እኔ አማኝ ነኝ፤ ይሄን ቀድሜ ልናገር። ግን አማኝ ወገኖቼ በየቦታው የሚደጋግሟት አንዲት ሙግት አለች፣ ዛሬ በግልጽ ልቃወማት ነው የመጣሁት።

ሙግቷ እንዲህ ነች። «የጣናን ነጭ ዓሣ ተመልከት። የአንዱ አፍ ወደ ታች የዞረ ነው፣ ከጭቃ ይለቅማል። የሌላው አፍ ሰፊ ነው፣ ትናንሽ ዓሣ ይውጣል። ሌላው ደግሞ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው አፍ የሰጠው ማን ነው?» ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔ ሥራዬ ከዓሣ ጋር ስለሆነ እነዚህን አፎች በየጊዜው አያቸዋለሁ። ዓሣው ከጀልባ ወርዶ ሲዘረጋ ቆሮሶን ከአምባዛ መለየት ማንንም አይቸግርም። ነጭ ዓሣን እርስ በርሱ ለመለየት ግን አፉን ከፍተህ ማየት አለብህ። ጣትህን ብትከትበት አይነክስህም። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም፣ ጥርሱ ያለው ወደ ውስጥ ጉሮሮው ጋ ነው።

እኔን ያነቃኝ ይሄ ጥርስ ነው። ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ በሳይንስ ላቢዮባርበስ የሚባሉት፣ ጣና ውስጥ ወደ 15 ዝርያ ይሆናሉ። ከእነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው አዳኝ! ለአደን ታስቦ ከባዶ የተሠራ ቢሆን እንዲህ ባልሆነ ነበር። ሁሉም ከአንድ የወንዝ ዓሣ ዘር የመጡ ናቸው ስትል ግን ወዲያው ይገባሃል፤ የነበራቸውን አፍ ነው እንደኑሯቸው የለወጡት። የሐይቁ ደለል ተቆፍሮ ሲጠና ጣና ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ታይቷል። ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከታች ደግሞ ጢስ ዓባይ አለ፣ ወደ 40 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ፣ ከሱዳን በኩል የሚመጣ ዓሣ አይዘለውም። ስለዚህ እዚሁ ቤታቸው ውስጥ ነው የተለያዩት።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች መለወጥ የጻፈው ነገር እዚህ አፍንጫችን ሥር እየታየ፣ እኛ ይሄንኑ ዓሣ ይዘን «ፈጣሪ ለመኖሩ ማስረጃ» እያልን ልጆቻችንን እናስተምራለን። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮሎጂ ሲማር ዓሣውም እምነቱም አብረው ይሄዳሉ። ይሄ ያሳዝነኛል። ለእኔ እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ቦታ ነው። ዓሣው ኖረ፣ ሐይቁ ኖረ፣ ዓሣው የሚለወጥበት ሕግም ኖረ። ለመሆኑ ምንም ነገር ባይኖር ምን ይከለክል ነበር? ለምን አለ? እዚያ ላይ እንከራከር።

ጥያቄ አብዢ

ጣና ዳር፣ ስለ ዓሣው ያልከው እውነት ነው፣ ከአማኝ አፍ መስማቴም ደስ ብሎኛል። እኔ አላምንም። ቤተሰቦቼ አያውቁም፣ እዚህ ግን እናገራለሁ።

ግን ወንድሜ፣ አንተም ያደረግከው ማፈግፈግ ነው። ድሮ ማስረጃው መብረቅ ነበር። ከዚያ ወረርሽኝ ሆነ። ከዚያ የዓሣ አፍ። እያንዳንዱ ሲብራራ ወደ ኋላ እየሄድን አሁን የመጨረሻው ግድግዳ ጋ ደረስንና «ለምን አለ?» ብለን ቆምን። ይሄ ጥያቄ እኮ መልስ ላይኖረው ይችላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከካህኑ ከኮፕልስተን ጋር ሲከራከር አቋሙ ይሄው ነበር፤ ዓለም አለ፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ የግድ የለም። አንተ ዓለም ያለ ምክንያት አይኖርም ትላለህ። እሺ፣ ፈጣሪስ? እሱ ያለ ምክንያት መኖር ከቻለ፣ የሆነ ነገር ያለ ምክንያት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ዓለሙ ላይ አናቆመውም?

የእንፍራንዝ ልጅ

ይሄን ጥያቄ ከቢቢሲ በፊት የጠየቀው የእኛ አገር ሰው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራንዝን ታልፋላችሁ አይደል? ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ ኖረበት የሚባለው ቦታ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ሲነሳ ከአክሱም ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። ኋላ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ እንፍራንዝ ላይ እያስተማረ ኖረ። «ሐተታ» የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1667 ተጻፈ ይባላል።

ሰውየው ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም «እውነቱ የእኔ ነው» ሲሉ ሰምቶ ግራ ገባው። ከዚያ ከራሱ ጀመረ። እኔን የፈጠረኝ ማን ነው? አባትና እናቴ ካልኩ እነሱን ማን ፈጠራቸው? የእነሱንስ ወላጆች? ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ጋ ካልደረሰ ማቆሚያ አጣ። ልብ በሉ፣ ከመጽሐፍ ጥቅስ አልጠቀሰም። በአእምሮው ብቻ ነው የሄደው። እግዚአብሔር አለ ካለ በኋላም የሃይማኖት ሰዎች የሚሉትን ሁሉ አልተቀበለም፣ ጾሙንም ምንኩስናውንም ተችቷል። ማመን ማለት ማሰብ ማቆም ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ ነው እላለሁ።

ጥያቄ አብዢ

የእንፍራንዝ ልጅ፣ ኩራትህ ይገባኛል። ግን ሐተታውን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ እዚህ አገር የነበረው ጣሊያናዊ ካህን ዱርቢኖ ራሱ ጻፈው የሚሉ ምሁራን እንዳሉ ታውቃለህ አይደል? ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ይሄን ብሎ ጽፏል።

የእንፍራንዝ ልጅ

አውቃለሁ። የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ሆኖ አጥንቶ የዘርአ ያዕቆብ ነው ብሏል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ግን እዚህ ምን ያደርግልሃል? ሙግቱ እንፍራንዝ ተጻፈም ጣሊያን፣ ልክ ከሆነ ልክ ነው። የጻፈውን ሰው ትተህ ለሙግቱ መልስ ስጥ።

የመድረሳ ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ። ሁለት የተለያዩ ሙግቶች እየተደባለቁ ስለሆነ ልለያያቸው።

አንዱ የሙስሊሙ ሊቅ የአል ገዛሊ ነው። መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ አስጀማሪ አለው፤ ዓለም መጀመሪያ አለው፤ ስለዚህ አስጀማሪ አለው። ይሄ ዓለም የተጀመረበት ጊዜ መኖሩ ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው የፈላስፋውና የሐኪሙ የኢብን ሲና ነው፣ ከገዛሊ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው። እሱ ዓለም ሁልጊዜ የነበረ ቢሆን እንኳ ግድ የለውም። የሚለው ይሄ ነው፤ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር መኖሩን ከሌላ ነው የሚያገኘው። እኔ ላልወለድ እችል ነበር። ጣና ላይኖር ይችላል፣ ጣና ዳር እንዳለው ደርቆም ያውቃል። ፀሐይም እንዲሁ። እንበልና መንደሩ በሙሉ በብድር ነው የሚኖረው። እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ ተበድሬ ነው ካለ፣ የራሱ ብር ያለው አንድ ሰው ከሌለ፣ ብሩ ከየት መጣ? ሰልፉን ብታረዝመው፣ ማለቂያ የሌለው ብታደርገውም ጥያቄው አይሄድም።

ጥያቄ አብዢ «ፈጣሪስ?» አልክ። ሙግቱ «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» አይልም። ላይኖር የሚችለው ነው ምክንያት የሚፈልገው። አላህ ላይኖር አይችልም፣ መኖሩ የራሱ ነው። ይሄን ካልተቀበልክ ሌላ ነገር፤ ግን ሙግቱ ያላለውን አስብለህ አትመልስ።

ጥያቄ አብዢ

የመድረሳ ልጅ፣ በደንብ ነው ያስቀመጥከው፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ በቁም ነገር ልመልስ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ነገር ላይኖር ይችላል ማለት ድምሩ ላይኖር ይችላል ማለት አይደለም። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1779 የታተመው ሥራው ላይ ይሄን አንስቶታል፤ የእያንዳንዱን ምክንያት ከነገርኩህ በኋላ የሁሉንም በአንድ ላይ ምክንያት መጠየቅ ትርፍ ጥያቄ ነው ይላል። ሁለተኛው ለእኔ ይብሳል። ይሁን፣ የግድ የሚኖር የሆነ ነገር አለ እንበል። ያ ነገር የሚሰማ፣ የሚያይ፣ ስለ እኔ ጾም የሚጨነቅ መሆኑን በምን አወቅክ? የሆነ የተፈጥሮ ሕግ ቢሆንስ? ከዚያ ከደረቀው «የግድ የሚኖር» እስከ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ወይም እስከ መስጊዱ ደጅ ያለው መንገድ በጣም ረጅም ነው፣ እናንተ ግን በአንድ እርምጃ ትሻገሩታላችሁ።

የፊዚክስ መምህር

አሁን አንድ ሰው «ሳይንስ ዓለም በቢግ ባንግ መጀመሩን አረጋግጧል፣ ኦሪት ዘፍጥረት ልክ ነው» ብሎ ሳይመጣ ቀድሜ ልግባ።

የቢግ ባንግን ሐሳብ መሠረት የጣለው ጆርጅ ለሜትር የቤልጂየም የካቶሊክ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለም እየሰፋ መሆኑን ጻፈ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሀብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር በፍጥነት እንደሚሸሹ በመረጃ አሳየ። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ የሚመጣውን ደካማ ጨረር ይፋ አደረጉ፣ ብዙው ክርክር እዚያ ላይ አበቃ። መሃል ላይ ግን በ1951 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ይሄን ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ፣ ያልተደሰተው ራሱ ቄሱ ለሜትር ነው! እምነቱን በአንድ የፊዚክስ መላ ምት ላይ ማንጠልጠል አልፈለገም። ጣና ዳር ስለ ዓሣው የሚለውን ለሜትር ስለ ሰማዩ ብሎት ነበር።

ቢግ ባንግ የሚነግረን ዓለም በጣም ሞቃትና እጅግ የታጨቀ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ እንዴት እንደሰፋ ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ «በፊት» የሚባል ነገርስ ነበር ወይ ለሚለው እስካሁን የተረጋገጠ መልስ የለንም። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ሌላው ነው። የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች ትንሽ ቢዛነፉ ኮከብም ካርቦንም አይኖርም ነበር፤ ፈጣሪ ነው ያስተካከላቸው የሚሉ አሉ፣ ብዙ ዓለማት አሉ፣ የእኛ በአጋጣሚ ገጥሞለት ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ እነግራለሁ። ሁለቱም በመሣሪያ የተለኩ አይደሉም። ተማሪ «መምህር እርስዎስ?» ሲለኝ ወደ ፈጣሪ አዘነብላለሁ እለዋለሁ፣ ግን ፈተና ላይ አይመጣም።

ነርሷ

ሁላችሁም ስለ ሰማይ ነው የምታወሩት። እኔ የልጆች ክፍል ነው የምሠራው።

ክረምት ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ወባ ሲነሳ ኑና እዩ። እናት ልጇን አዝላ ከማዶ በጀልባ ትመጣለች። ልጁ ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ራሱን ስቷል። የዓይኑን የታች ሽፋን ሳብ አድርጋችሁ ብታዩት ቀይ መሆን የነበረበት ወረቀት መስሏል፣ ወባው ደሙን ጨርሶታል ማለት ነው። ደም ፍለጋ እንሮጣለን። አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ እጃችን ላይ ያልፋል። እንግዲህ «ክፋት የመጣው በሰው ነፃ ፈቃድ ነው» ትላላችሁ። ለጦርነት ይሠራ ይሆናል። የወባ ተሕዋስ ግን ነፃ ፈቃድ የለውም፣ የሁለት ዓመት ልጅም ምንም አልመረጠም። ሁሉን የሚችል፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉን የሚወድ አምላክ አለ ስትሉ ይሄን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ በሉት።

ሌላም ልጨምር። ጸሎት ይፈውሳል፣ ያ ማስረጃ ነው የምትሉ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። ሳያውቁ ከተጸለየላቸው 52 ከመቶው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ገጠማቸው፤ ካልተጸለየላቸው 51 ከመቶው። ልዩነት የለም። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት ከተነገራቸው ደግሞ 59 ከመቶው። እኔ አምናለሁ ወይስ አላምንም ብትሉኝ እንደ ቀኑ ነው። ግን ይሄን ሳንመልስ ስለ ኢብን ሲና ማውራት ልቤ አይፈቅድም።

ዲያቆን ከዘጌ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ለጥያቄሽ ማብራሪያ አልሰጥሽም። ምክንያቱን ልንገርሽ። በመጽሐፈ ኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ለመከራው ማብራሪያ ደረደሩ፤ ኃጢአት ሠርተህ ነው፣ ሊያስተምርህ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በጠየቀው በኢዮብ ላይ አይደለም፣ በሚያብራሩት ላይ ነው። ስለዚህ «ለበጎ ነው» እያለ ለዚያች እናት የሚሰብክ ሰው ከወዳጆቹ ወገን ነው።

ስለ ጥናቱ ግን አንድ ነገር ልበል። የሚጸልዩት ሰዎች የሕመምተኛውን የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስሙን መነሻ ፊደል ብቻ ነው የተሰጣቸው። ጸሎት እንዲህ ተመጥኖ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ጸሎት ልመና ነው፣ የሚለመነው ደግሞ እሺም እምቢም ማለት ይችላል። የእኔ ማስረጃ ሌላ ነው። ወደ ዘጌ ኑ። የሐይቁ ዳር በሙሉ ለእርሻ ሲመነጠር ዘጌ ዛሬም ጫካ ነው። አባታችን አቡነ በትረ ማርያም እንዳይታረስ፣ ከብት እንዳይገባ አዘዙ ብለን ቡና እየለቀምን እንኖራለን። ትውልድ በትውልድ ላይ እንዲህ የሚያጸና ነገር ባዶ ነው ትላላችሁ?

ነርሷ

ዲያቆን፣ ስለ ኢዮብ ያልከውን ተቀብያለሁ፣ እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ስለ ጸሎቱ ግን አልስማማም። የማይለካ ከሆነ ሁልጊዜ የማይለካ ይሁን። ጠበል ተጠምቆ የዳነ ሲገኝ በማይክ ይነገራል፣ ተጠምቆ ያልዳነው ሲቀበር ማንም አይቆጥረውም። የዳነውን ብቻ ቆጥረን ማስረጃ ልንለው አንችልም። ለዚህ እኮ ነው መድኃኒታቸውን አቋርጠው ጠበል ገብተው ተዳክመው የሚመጡብን።

ዲያቆን ከዘጌ

መድኃኒት አቋርጡ የሚል ካህን ተሳስቷል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ አብረው ይሂዱ ነው የምትለው። ስለ አቆጣጠሩ ያልሽው ግን እውነት ነው፣ እኔም ከዚህ በኋላ ፈውስን በክርክር ላይ አላነሳም። ለዳነው ሰው ምስክርነት ነው፣ ለሌላው ማስገደጃ አይሆንም።

ጥያቄ አብዢ

ዲያቆን፣ ዘጌን እወዳታለሁ። ጫካውን እምነት ጠብቆታል፣ ይሄን ማንም አይክድም። ግን እምነቱ ጠቀመ ማለት እምነቱ እውነት ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰፈር በሙሉ ጫካው ውስጥ ጋኔን አለ ብሎ ቢፈራም ጫካው ይተርፋል።

የፎገራ ገበሬ ልጅ

ስለ ሐይቁ ካነሳችሁ እኔም ልናገር። እምቦጭ ሲመጣ ሽማግሌዎቻችን «ቁጣ ነው» አሉ። ጸሎት ተደረገ፣ ደግ ነው። እኛ ደግሞ ደረታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ነቀልን። ቁጣ ነው ያለው ሰው ሁለተኛ ቀን አልመጣም፤ ቁጣ ከሆነ ምን ትነቅላለህ? አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የሚያፋፋው ከማሳችን ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነው። እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ። ግን ምክንያቱ የሚታወቅን ነገር እሱ ላይ መለጠፍ ስንፍና ነው የሚመስለኝ።

ነርሷ

ጣና ዳር፣ ይሄን የውይይት ክር ከፍተህ ጠፋህ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለጥያቄ አብዢም ጭምር። ሐሳባችሁን የሚያስቀይራችሁ ምንድን ነው? «ምንም» ካላችሁኝ ለማስረጃ ስትሉ አይደለም የምትከራከሩት።

ጥያቄ አብዢ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ ቅድም ያልሽው ዓይነት ጥናት ነው። በጥንቃቄ ተሠርቶ፣ ሌሎችም ደግመውት፣ የአንድ ሃይማኖት ጸሎት ብቻ በግልጽ ቢሠራ፣ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሁለተኛው፣ ከ«የግድ የሚኖር» ወደ «የሚወድ» የሚያሻግር ሙግት የሚያሳየኝ ካገኘሁ። የመድረሳ ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ከጠበቅኩት በላይ አጠንክሮታል፣ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ።

የመድረሳ ልጅ

ሁለተኛው ግማሽ ላይ ኢብን ሲናም ብዙ ደክሟል። የግድ የሚኖረው ሁለት ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም ሁለት ከሆኑ የሚለያቸው ነገር ያስፈልጋል፤ ከዚያ አንድነቱን፣ ከዚያ ዕውቀቱን ያወጣል። ለብቻው ክር እከፍትበታለሁ ኢንሻአላህ፣ እዚህ ካስገባሁት ይረዝማል። «የሚወድ» የሚለው ግን በሙግት ብቻ የሚደረስበት አይመስለኝም፣ እሱ በወሕይ፣ ማለትም ከአላህ በወረደ መገለጥ ነው የመጣልን።

ጣና ዳር

ነርሷ፣ አልጠፋሁም፣ እያነበብኩ ነበር። መልሴ ይሄ ነው። ስለ ዓሣው ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ነገር ቀላል ነው፤ የ15ቱ ዝርያ ዘረመል ቢታይና እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸው ሆነው ቢገኙ። የተገኘው ተቃራኒው ነው፣ በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ስለ ፈጣሪ ደግሞ፣ ዓለም ላይኖር እንደማይችል፣ ማለትም መኖሩ የራሱ እንደሆነ አንድ ሰው ቢያሳየኝ ሙግቴ ይወድቃል። ጥያቄ አብዢ «በቃ አለ» አለኝ እንጂ ይሄን አላሳየኝም። ዓለም ውስጥ የማየው ሁሉ የሚመጣና የሚሄድ ነው፣ ድምሩ ለምን የተለየ እንደሚሆን አይታየኝም።

በወባ የሞተው ያልሽን ልጅ ግን ሙግቴን ያናጋዋል። አለ የሚለውን አይነካም፣ መልካም ነው የሚለውን ይነካል። ያለ ምክንያት የሚኖር ነገር የለም የምል ሰው፣ ለዚያ ልጅ ሞት ምክንያቱን ንገረኝ ስባል ዝም እላለሁ። አሁንም አምናለሁ። ያንን ክፍል ግን በማስረጃ ነው የማምነው ብዬ አልዋሽሽም።